የወይን ስም የያዙ ሻዮችን እንዴት እናጣጥም? ከደረቁ ቅጠል እስከ መጨረሻው ጉንጭ

መርሎ፣ ሻርዶኔ፣ ሪዝሊንግ፣ ፒኖ ኗር። እነዚህ የወይን ስሞች አሁን አሁን በሻይ ማሸጊያ ላይም ይታያሉ። ሰው ስሙን አይቶ ይገዛል። ያፈላል፣ አንዴ ፉት ይላል፣ ከዚያ "ታዲያ ወይኑ የታለ?" ይላል።

ወይኑ የለም። ኩባያው ውስጥ ያለው ሻይ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ወይን ጠጋ የሚል፣ አንዳንዱ ስሙን ብቻ የተዋሰ። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሻዩን መቅመስ፣ ቀጥሎ የተጨመረበትን ነገር መለየት፣ በመጨረሻ ከወይኑ ጋር ማመሳሰል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚሰለቸው። ወይን የማይጠጣ ሰውም ይህን መመሪያ መከተል ይችላል። ኮክ፣ ቼሪና ጽጌረዳ ምን ምን እንደሚሸቱ ካወቀ ይበቃዋል።

ሻይ ምን ያህል ወይንን ሊመስል ይችላል?

ወይንን ወይን የሚያደርጉት ኮምጣጣነቱ፣ አልኮሉ፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን፣ ካለው ስኳሩ እና መዓዛው ናቸው። ሻይ ከእነዚህ ሁለቱን በራሱ ያመጣል።

አንደኛው አፍ ማድረቁ ነው። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች በምራቃችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃሉ። ምራቅ የማለስለስ ሥራውን ሲቀንስ ምላስና ድድ ሻከር ይላሉ። የቀይ ወይን ታኒንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛው መዓዛ ነው። ሊናሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት የአበባ ሽታ ያላቸው ውህዶች በሻይ ቅጠልም፣ ሙስካት በሚባለው መዓዛማ የወይን ዓይነት ውስጥም ይገኛሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሻይ ምንም ሳይጨመርበት ወይን ወይን ቢልዎት አይግረምዎ።

ኮምጣጣነት ላይ ግን ሻይ ደካማ ነው። የወይን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ነው፤ የጥቁር ሻይ ወደ 5 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ በዚህ መለኪያ አንድ ደረጃ ማለት አሥር እጥፍ ነው። ቀይ ወይንን ለመምሰል በሚዘጋጁ ቅይጦች ውስጥ ከርከዴ በብዛት የሚገባው ለዚህ ነው። ቀለሙንም ኮምጣጣነቱንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

አልኮልን የሚተካ ነገር የለም። በወይን ውስጥ ያለው ከ12 እስከ 14 በመቶ ገደማ አልኮል ለመጠጡ ውፍረት ይሰጠዋል፤ ጉሮሮ ላይ ሞቅ የሚለውም እሱ ነው። ዝንጅብል ወይም ቁንዶ በርበሬ የገባበት ሻይ ያንን ሙቀት በትንሹ ያስታውሳል። ከዚያ በላይ መጠበቅ ሻዩን መበደል ነው።

ማሸጊያውን ያንብቡ

ከመግዛትዎ በፊት የፊቱን ሥዕል ትተው ጀርባውን ያዙሩ። በአብዛኛው አገር የምግብ ማሸጊያ ላይ ይዘቱ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ከርከዴ ከሆነ የያዙት ከርከዴ ነው፤ የሻይ ቅጠሉ አጃቢ ነው። ጥቁር ሻይ ወይም ኡሎንግ (በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ ዓይነት) ከቀደመ ሌላ ነገር ነው። ሩይቦስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ተክል ከሆነ ደግሞ ካፌይን የለውም፤ አፍ የማድረቅ ኃይሉም ከጥቁር ሻይ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ፍሌቨሩን፣ ማለትም ለሽታና ለጣዕም የተጨመረውን ነገር፣ ይፈልጉ። የደረቀ ፍሬ፣ የወይን ፍሬ ልጣጭ፣ ዘቢብ፣ የኦክ እንጨት ስንጥር ተዘርዝሮ ካዩ ቀማሚው የለፋበት ሳይሆን አይቀርም። ሻይና "ፍሌቨር" ብቻ ከሆነ ሽታው በአብዛኛው ከጠርሙስ የመጣ ነው። ይህ ራሱ ነውር የለውም። ግን ከየት እንደመጣ ካወቁ ምን እንደሚቀምሱ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አልኮል በጭራሽ የማይነኩ ከሆነ ይዘቱን በደንብ ይዩት። የወይን ስም ያለው ሻይ ብዙውን ጊዜ ወይን የለበትም። ሆኖም አንዳንድ የፍሌቨር ፈሳሾች የሚበጠበጡት በአልኮል ነው። ጥርጣሬ ካለዎት አምራቹን መጠየቅ ነው።

የትኛው ሻይ ለየትኛው ወይን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጨዋታው ጣፋጭ ክፍል ይህ ስለሆነ።

ከሙስካት ይጀምሩ። በሕንድ ዳርጂሊንግ ከግንቦት መጨረሻ አንስቶ የሚለቀመው ሁለተኛው ዙር ሻይ ሙስካቴል የሚባል መዓዛ አለው፤ ከሙስካት ወይን ፍሬ ጋር በጣም ይቀራረባል። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ከምክንያቶቹ አንዱ ቅጠሉን የሚመጥ ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ነው። ተክሉ ሲነከስ ራሱን ለመከላከል መዓዛ ያላቸውን ውህዶች ያመርታል፤ እነሱ ናቸው ኩባያው ውስጥ የምናገኛቸው። የታይዋኑ ኦሪየንታል ቢውቲ የተባለ ኡሎንግም በዚሁ መንገድ ነው ማር ማር የሚለው። ወይን ለመምሰል ተብለው ከተቀመሙት ሻዮች ብዙዎቹ ካልተቀመመ ጥሩ ዳርጂሊንግ በታች ናቸው ባይ ነኝ። ስለዚህ ምንም ዓይነት ሻይ ቢያሰልፉ፣ አንድ ያልተቀመመ ዳርጂሊንግ ለማነጻጸሪያ ከጎኑ ይኑር።

ገቩርዝትራሚነር የሚባለው ነጭ ወይን በሊቺና በጽጌረዳ ሽታው ይታወቃል። እዚህ ላይ መመሳሰሉ የስም ብቻ አይደለም። ሮዝ ኦክሳይድ የሚባለው ውህድ በሊቺ ፍሬም በወይኑም ውስጥ አለ። የሊቺ ጥቁር ሻይ ወይም ጽጌረዳ የገባበት ሻይ ካገኙ፣ ማሸጊያው ላይ የወይን ስም ባይኖርም ይህን ወይን በደንብ ይመስልልዎታል።

ሶቪኞን ብላን ሣር ሣር፣ አረንጓዴ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ከዚያ ላይ ግሬፕፍሩትና ፓሽን ፍሩት ይመጣሉ። ለዚህ የሚሆነው በእንፋሎት የተዘጋጀ አረንጓዴ ሻይ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ሴንቻ ነው። የግሬፕፍሩት ልጣጭ ወይም የሎሚ ሣር ከገባበት መመሳሰሉ ይጎላል።

ሻርዶኔ ሁለት መልክ አለው። በርሜል ያልገባው ፖም ፖም ይላል፤ በርሜል የገባው ቅቤና ቫኒላ ይመጣበታል። ቅቤውን የሚሰጠው በሁለተኛው ፍላት ወቅት የሚፈጠረው ዳያሴቲል የተባለ ውህድ ነው። ጂን ሹዋን የሚባለው የታይዋን ኡሎንግ በተፈጥሮው ወተት ወተት ይላል፤ ለዚህኛው ሻርዶኔ ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ግን ይጠንቀቁ። የወተት ፍሌቨር ተረጭቶበት በዚሁ ስም የሚሸጥ ብዙ አለ። ደረቁ ቅጠል ገና ከረጢቱ ሲከፈት ከረሜላ ከረሜላ ካለ ተረጭቶበታል። ሪዝሊንግ ቀላል ነው። ኮክ የገባበት ነጭ ሻይ ከሎሚ ልጣጭ ጋር ይበቃዋል።

ወደ ቀዮቹ ስንመጣ ካበርኔ ሶቪኞን ጠንካራ ቅጠል ይፈልጋል። አሳም የሚባለው የሕንድ ጥቁር ሻይ ጥሩ ነው። ከላዩ ጥቁር ከረንትና የጥድ እንጨት ሽታ። መርሎ ለስለስ ያለ ነው፤ ፕሪምና ቼሪ። ሲራ ቁንዶ በርበሬ አለው። ይህንን ሽታ የሚያመጣው ሮተንዶን የተባለ ውህድ መሆኑን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር፤ ያው ውህድ በራሱ በቁንዶ በርበሬ ውስጥም አለ። ስለዚህ የሲራ ሻይ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ቢያገኙ ቀማሚው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ፒኖ ኗር ነው አስቸጋሪው። ቼሪና እንጆሪ አለው፤ ግን ከሥሩ እርጥብ አፈር፣ የወደቀ ቅጠል የሚመስል ሽታ አለ። በዚህ ስም የሚሸጡ ሻዮች ብዙ ጊዜ እንጆሪውን ብቻ ይዘው የልጆች ከረሜላ ይሆናሉ። አፈሩን የሚፈልግ ሰው የበሰለ ፑኤር የሚባለውን የቻይና የተብላላ ሻይ ይሞክር፤ ከደረቀ ቼሪ ጋር።

ለአንድ ቀን ሦስት ወይም አራት ሻይ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አፍንጫ ይደክማል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ጠንካራ፣ ያልተቀመመው ከተቀመመው በፊት።

ዕቃና ውሃ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ውስጡ ነጭ የሆነ ኩባያ፣ ክዳን ያለው ማፍያ፣ ማጥለያ፣ ትንሽ ሚዛን። እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ካለ ጥሩ ነው፤ ወደ ላይ የጠበበው አፉ መዓዛውን ይሰበስባል። ትኩስ ሻይ ግን አይገልብጡበት፤ ስስ ብርጭቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻዩ ለብ ካለ በኋላ ይቅዱት፤ ከሩቡ ብዙም አይለፉ። ባዶው ቦታ ለሽታው ነው።

ውሃው ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ልፋትዎ ከንቱ ነው። የተጣራ ወይም ማዕድኑ ያልበዛ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ። ከመቅመስዎ በፊት ሽቶ አይቀቡ፤ ጥርስዎንም በዚያው ሰዓት አይቦርሹ።

አፈላል

ሻይ ቀማሾች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ኢሶ 3103 ይባላል፣ መጀመሪያ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ። ዓላማው ጣፋጭ ሻይ ማውጣት አይደለም። ሁሉም ሻይ በእኩል መንገድ ፈልቶ እንዲወዳደር ነው። እርስዎ 2 ግራሙን ይውሰዱ፤ 6 ደቂቃው ግን ለተቀመመ ሻይ ይበዛል። መራራው ፍሌቨሩን ይውጠዋል።

ለአረንጓዴ ሻይ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ። ለነጭ ሻይ 80 አካባቢ፣ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ። ለኡሎንግ 90፣ ሦስት ደቂቃ። ለጥቁር ሻይ 95 እና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ። ከርከዴና ሩይቦስ የፈላ ውሃ ይችላሉ፤ አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ቢቆዩም አይከፉም። ቴርሞሜትር ከሌለ ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ላይ አንድ እጅ የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ ይቀላቅሉ። 80 አካባቢ ይመጣል።

ስኳርና ወተት ለጊዜው ይቆዩ። በተለይ ወተት። በውስጡ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ከፖሊፌኖሎቹ ጋር ተጣብቆ አፍ ማድረቁን ያጠፋዋል፤ ከወይን ጋር የሚያመሳስለውን አንዱን ምሰሶ አፈረሱት ማለት ነው።

ማየት፣ ግን አለመታለል

ሻዩን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ቀለሙን ይዩ። ጥርት ብሏል ወይስ ደፍርሷል? ጠርዙ ላይ ምን ዓይነት ነው? ይህን ያህል ይበቃል።

ቀለም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ በፈረንሳይዋ ቦርዶ የወይን ጥናት ተማሪዎች የነበሩ 54 ሰዎች በሽታ አልባ ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ነበር። የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነው። ከርከዴ የገባበት ሻይ ደም መስሎ ሲቀርብልዎትም ያው ነው፤ አፍዎ ሳይቀምስ ዓይንዎ "ቀይ ወይን" ብሎ ይፈርዳል። መላው ቀላል ነው። ውስጡ ጥቁር የሆነ ኩባያ ውስጥ ቀድተው፣ ወይም ዓይንዎን ጨፍነው አንዴ ይድገሙት። ቼሪው ያኔም ካለ እውነተኛ ነው።

ሦስት ጊዜ ማሽተት

መጀመሪያ ደረቁን ቅጠል። በመዳፍዎ ትንሽ ይያዙና ትንፋሽዎን እፍ ይበሉበት፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ሽታውን ያስነሳዋል። እዚህ ላይ የሚመጣው በአብዛኛው ፍሌቨሩ ነው። ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው የራሰው ቅጠል ነው፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሻዩን ካጠለሉ በኋላ ክዳኑን መልሰው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ክዳኑን በትንሹ ከፈት አድርገው አፍንጫዎን ያስጠጉ። መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት ፍሌቨሩን ይዞ ያልፋል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ያንሱና እንደገና ያሽትቱ። አሁን ከሥሩ ቅጠሉ ራሱ ይመጣል፤ የተቀቀለ ጎመን፣ ብቅል፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ እርጥብ እንጨት፣ እንደየዓይነቱ። መርሎ ተብሎ ከተሸጠ ሻይ ሥር ብቅል ብቅል የሚል ጥቁር ሻይ ካገኙ ጥሩ ቅጠል ነው። ከሥሩ ምንም ካልመጣ፣ ወይም አቧራ አቧራ ካለ፣ ፍሌቨሩ የደከመ ቅጠል መደበቂያ ነበር።

ሦስተኛው ሻዩን ራሱን ነው። ብርጭቆውን ክብ እያደረጉ ወዝወዝ ያድርጉ፣ አጭር አጭር ይሳቡ። አፍንጫዎ ሲለምደው ክንድዎን ያሽትቱና ይመለሱ። የራስ ሽታ አፍንጫን ያሳርፋል።

ፉት ማለት፣ በሦስት ሙቀት

ሻይ ገና እየተፋጀ አይቀመስም። ምላስ ይለበለባል፤ ሌላም ምክንያት አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥን "ለካንሰር አጋላጭ ሳይሆን አይቀርም" ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ስለዚህ ወደ 55 እስኪወርድ ይታገሡ።

በማንኪያ ወስደው ከአየር ጋር ድምፅ እያሰሙ ይሳቡት። በቤት ውስጥ ጨዋነት የጎደለው ሊመስል ይችላል፤ ለመቅመስ ግን ግድ ነው። ሻዩ በአፍ ውስጥ ይበተናል፤ መዓዛውም ከጉሮሮ በስተጀርባ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ከዋጡ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ያስተንፍሱ። አብዛኛው "ጣዕም" የምንለው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ የመርሎ ቅይጥ ወስደን እንከተለው፤ ጥቁር ሻይ፣ ከርከዴ፣ ፕሪምና ፍሌቨር ያለበት። ሞቅ ሲል ፕሪሙ ከፊት ነው፤ ቅጠሉ ብዙም አይሰማም። ወደ 40 ገደማ ሲወርድ ሽታው ይቀንሳል፤ ድድ ላይ የሚይዘው ሸካራ ነገርና የከርከዴው ኮምጣጣ ብቅ ይላሉ። ለቀይ ወይን የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ወደ ክፍል ሙቀት ሲቀዘቅዝ እውነቱ ይወጣል። ጥሩ ቅይጥ ከሆነ ፕሪሙ እንደደረቀ ፍሬ ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ሽቶ ሽቶ የሚል መራራ ነገር ምላስ ጀርባ ላይ ይቀራል። ፍርድዎን እስከዚህ ያቆዩት።

ከዋጡ በኋላ ሰዓት ይዩ። ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? የቆየውስ የትኛው ነው፣ ፍሬው ወይስ ቅጠሉ? ፍሌቨሩ ወዲያው ጠፍቶ ቅጠሉ ቢቀር አይክፋዎት። ቅጠሉ ቀድሞ ጠፍቶ ፍሌቨሩ ብቻ ከቀረ ግን ሁለተኛ አልገዛውም።

አንድ ዘዴ አለ። አፍንጫ ኮክ ሲሸት ምላስ ስኳር ይጠብቃል። ሳያገኝ ሲቀር ሻዩ "ባዶ" ይመስላል። ሻዩን ለሁለት ይክፈሉና አንዱ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። ፍሬው ድንገት ከጎላ ጉድለቱ የሻዩ ሳይሆን የጥበቃዎ ነበር። ለሪዝሊንግና ለሙስካት ዓይነቶቹ በተለይ ይሠራል።

ማመሳሰልና መጻፍ

ወይን የሚጠጡ ከሆነ አሁን ትንሽ ወይን ከጎኑ ያስቀምጡ። ግን ሻዩን ከቀመሱ በኋላ ብቻ፤ አልኮሉ ምላስን ይይዛል። የማይጠጡ ከሆነ ፍሬዎቹን በትንንሽ ሳህን ያዘጋጁ፤ የተቆረጠ ኮክ፣ ቼሪ፣ ዘቢብ፣ ቁንዶ በርበሬ። ሻዩን ያሽትቱ፣ ሳህኑን ያሽትቱ። ቶሎ ይገለጥልዎታል።

ማስታወሻው አጭር ይሁን። "ጥሩ ነው" ምንም አይነግርዎትም። "ሞቅ ሲል ፕሪም፣ ሲበርድ ከርከዴ፣ ድድ ያደርቃል፣ ቅጠሉ ደካማ" ይበቃል። ቃል ካጠረዎት በአሜሪካው ዩሲ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ አን ኖብል በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው የወይን መዓዛ ክብ ሠንጠረዥ ይረዳል። ከመሃል "ፍሬ" ይላል፣ ወደ ውጭ "የዛፍ ፍሬ"፣ ከዚያ "ቼሪ" እያለ ይዘረዝራል። ለሻይም ያገለግላል።

በቀዝቃዛ ውሃ

ነጭ ወይንን የሚመስሉትን ሻዮች አንዴ በቀዝቃዛ ሳይሞክሩ አይተዉዋቸው። ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ገደማ ቅጠል ዘፍዝፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ያቆዩ። በቀዝቃዛ ውሃ መራራውን የሚያመጡት ነገሮች በትንሹ ነው የሚወጡት፤ ሻዩ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ይሆናል። አጥልለው በወይን ብርጭቆ ይቅዱት። ቀዮቹ ግን በዚህ መንገድ ድድ የሚይዘውን ነገራቸውን ያጣሉ። እነሱን በሙቅ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ቀዝቅዞ ቢደፈርስ አይደንግጡ፤ ካፌይኑና ፖሊፌኖሎቹ ሲቀዘቅዙ ስለሚያያዙ ነው፣ አልተበላሸም።

አቀማመጥ

የተረፈውን በየራሱ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ። የተቀመመ ሻይ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያሸታል፤ ዳርጂሊንግዎ በሳምንት ውስጥ እንጆሪ እንጆሪ ሊል ይችላል። ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከቅመም ያርቁት። ፍሌቨሩ ከቅጠሉ ቀድሞ ስለሚተን ከከፈቱት በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሱት። ማፍያውም ያው ነው። ሸክላው ያልተለበጠ ከሆነ ሽታ ይመጥጣል፤ ለተቀመሙ ሻዮች የብርጭቆ ወይም የፖርስሊን ማፍያ ለብቻ ይመድቡ።